ለጣና ዳር ታሪክ የትኛው ይሻላል? ስልክ፣ የራስ መነጽር፣ ፕሮጀክተር ወይስ ድምፅ ብቻ

ባሕር ዳር ላይ ስለ ሚክስድ ሪያሊቲ (በኮምፒዩተር የተሠራን ነገር ካለንበት ቦታ ጋር ቀይጦ ስለማሳየት) የሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኞቹ «የትኛውን መነጽር ልግዛ?» ብለው ነው የሚጀምሩት። አስጎብኚዎች፣ የሎጅ ባለቤቶች፣ መምህራን፣ የቲያትርና የአኒሜሽን ልጆች ናቸው። የሚፈልጉት ነገር ግልጽ ነው። እንግዳው ወይም ተማሪው የዘጌን ቡና ለቃሚ ወይም ታንኳ ሠሪውን አጠገቡ ቆሞ እንዲያገኘው ይሻሉ። ገጸ ባሕርዩም እንደ ቪዲዮ ራሱን እየደገመ እንዲያልፍ አይፈልጉም፤ ሰው ሲቀርበው ቀና ብሎ የሚያይ፣ ሲጠየቅ የሚመልስ፣ ችላ ሲሉት ወደ ሥራው የሚመለስ እንዲሆን ነው። ግራ የሚያጋባው ገበያው ነው። አንዱ ሻጭ «ኤአይ አለው» ይላል፣ ሌላው «ሆሎግራም ነው» ይላል፣ ሦስተኛው «ስልክ ይበቃል» ይላል። ሦስቱ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ስለሆነ ማወዳደር ያስቸግራል።

ነገሩን የሚያቀለው ለሁለት መክፈሉ ነው። አንደኛው ገጸ ባሕርዩ በምን ይታያል የሚለው ነው፤ እሱን «ዓይን» እንበለው። ሁለተኛው ምን ያንቀሳቅሰዋል የሚለው ነው፤ እሱን «አእምሮ» እንበለው። ውድ ዓይን ላይ ደካማ አእምሮ ሊቀመጥ ይችላል፣ የተገላቢጦሹም እንዲሁ። ሚክስድ ሪያሊቲ፣ ማለትም ቅይጥ እውነታ፣ ራሱ አንድ መሣሪያ አይደለም። ፖል ሚልግራምና ፉሚዮ ኪሺኖ በ1994 ቃሉን ሲያብራሩ አንድ ጫፉ ተጨባጩ ዓለም፣ ሌላው ጫፉ ሙሉ በሙሉ በኮምፒዩተር የተሠራ ዓለም የሆነ መስመር አድርገው ነበር ያስቀመጡት፤ በመካከል ያለው ሁሉ ቅይጥ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር። እዚህ አካባቢ ለሚሠራ ሰው መሣሪያው የመጨረሻ ጥያቄ ነው። አስቀድሞ የሚወሰነው ገጸ ባሕርዩ የት ይቆማል፣ ስንት ሰው ይሰማዋል፣ ለሚናገረው ነገርስ ማን ኃላፊ ነው የሚለው ነው። ነፃነቱን በእንቅስቃሴውና በአኳኋኑ ላይ ስጡት፤ የሚናገረውን ታሪክ ግን ሰው ይጻፍለት።

## መመዘኛዎቹ

ቦታው። የጣና ዳር ብርሃን ኃይለኛ ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በቀትር ፀሐይ ዳርቻው ላይ ቆሞ የስልክ ስክሪን ማየት ይቸግራል። የገዳማቱ ውስጥ ደግሞ ጨለም ያለ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ያሉበትን ቦታ የሚያውቁት በካሜራ ስለሆነ ሁለቱም ጫፎች ይጎዷቸዋል። ውኃው የራሱ ጣጣ አለው። ፕሮግራሙ ወለልን የሚለየው ከቦታቸው የማይነቃነቁ ነጥቦችን በመከታተል ነው፤ የሐይቁ ገጽ ደግሞ ለአፍታ እንኳ አይረጋም። ገጸ ባሕርዩ ውኃ ላይ ቆሞ እንዲታይ ካሰባችሁ ማሰሪያ ነጥቡን ዳር ያለ ድንጋይ ወይም የወደቡ ግንብ ላይ አድርጉ።

ጀልባ ላይ ሲሆን ይብሳል። ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ያ ጊዜ ለታሪክ የተሰጠ ይመስላል። ነገር ግን የመነጽሩ የእንቅስቃሴ ሴንሰር ጀልባው ሲታጠፍ ይሰማዋል፣ ካሜራው ግን የሚያየው የማይነቃነቅ የጀልባ ወንበር ነው። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ገጸ ባሕርዩ ቀስ በቀስ ከቦታው ይንሸራተታል፣ ተመልካቹንም ያቅለሸልሸዋል። አንዳንድ መነጽሮች ለአውሮፕላን የታሰበ የጉዞ ሁነታ አላቸው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጣና ላይ ለሚናጥ ጀልባ ግን እሱን አምኜ እንግዳ አላሳፍርም።

የሰው ብዛት። እንግዳ በቡድን ነው የሚመጣው፣ ተማሪም በክፍል። አንድ መነጽር አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያይበት። 40 ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ሁለት መነጽር ቢኖርና ለእያንዳንዱ ልጅ 10 ደቂቃ ቢሰጥ በሰዓት 12 ልጅ ብቻ ይደርሰዋል፤ ክፍሉን ለማዳረስ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። የመነጽሩ ባትሪ ደግሞ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

አማርኛው። ሻጭ የማይነግራችሁ፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምመዝነው ይህን ነው። አማርኛ ተናጋሪ ገጸ ባሕርይ ገና አፉን ሳይከፍት መወሰን ያለበት ጉዳይ አለ፤ አንተ ይበል፣ አንቺ ወይስ እርስዎ? በእንግሊዝኛ የተሠራ ገጸ ባሕርይ ለማንም ሰው ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። የኛው ግን «ና» ካለ ሴቲቱን አስቀየማት፣ «ነይ» ካለ አባወራውን። ሽማግሌ ገጸ ባሕርይ ወጣቱን «አንተ» ቢለው ያምርበታል፤ ከፊቱ የቆሙት ግን ነጠላ ያጣፉ እናት ቢሆኑስ? ማሽኑ ከድምፅ ወይም ከመልክ ይገምት ማለት ውርደት መጋበዝ ነው። ሦስት መውጫ አለ። መግቢያው ላይ አስተናጋጁ ሰው መርጦ ያስገባ፤ ወይም ታሪኩ ለተመልካቹ ሚና ይስጠው («ዛሬ የቡና ነጋዴው ልጅ አንተ ነህ»)፤ ወይም ገጸ ባሕርዩ ለቡድን «እናንተ» እያለ ይናገር። ሦስተኛው ከሁሉ ይቀላል፣ ለቡድን የሚሆን ዓይን ለመምረጥም አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው።

መስማቱም እንዲሁ ነው። አንድ ግሳችን በሰው፣ በጾታ፣ በቁጥርና በአሉታ ስንት ዓይነት ይሆናል። «ሄደ»ን ብቻ እንዲጠብቅ የተሠራ ፕሮግራም «ሄዳችኋል እንዴ?» ሲባል ዝም ይላል። አማርኛን ወደ ጽሑፍ የሚለውጡ አገልግሎቶች አሉ፤ ጸጥ ባለ ክፍል፣ ቀስ ብሎ ለሚናገር ሰው ይሠራሉ፤ የጀልባ ሞተር አጠገብ ግን አይታመኑም። ለማናገሩም ማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ የማሽን ድምፆች አሉት። ጽሑፍ ለማስነበብ ይበቃሉ። ፊደላችን ግን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ «አለ» የሚለው ቃል መናገሩን ይሁን መኖሩን ማሽኑ ከዙሪያው መገመት አለበት፤ ሲስት የተረቱ ለዛ ወዲያው ይሞታል። የጎጃም ሽማግሌ ተረት ሲጀምር ድምፁን የሚጎትትበትን መንገድ እስካሁን የሚተካው የለም፤ በሰው ድምፅ ቅዱ።

መብራትና ኔትዎርክ። የሞባይል ኢንተርኔት በ2023 በክልሉ ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን እዚህ ያለ ሁሉ ያስታውሳል። ያለ ኔት የማይነሣ ሥራ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ለኔ አይዋጥልኝም።

ኃላፊነቱ። ገጸ ባሕርዩ ስለ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች ወይም በዳጋ እስጢፋኖስ ስላረፉት ነገሥታት ያልሆነ ነገር ቢናገር የሚጠየቀው ማነው? እንግዳው የሰማውን አምኖ ነው የሚሄደው።

ገንዘቡ። ዋጋ ማለት የመግዣው ብቻ አይደለም፤ ሲሰበር ማን ይጠግነዋል፣ ኩባንያው ማምረት ሲያቆምስ የሚለውም ይገባበታል።

## ዓይኑ፦ በምን ይታይ?

### ስልክና ታብሌት

የጉግል ኤአርኮርና የአፕል ኤአርኪት ስልክ በካሜራው ወለልና ግድግዳ እንዲለይ የሚያደርጉ የፕሮግራም መሠረቶች ናቸው። ለብዙኃኑ የደረሱት ኤአርኪት በ2017፣ ኤአርኮር በ2018 ነው። ትልቁ ጥቅማቸው መሣሪያው በእንግዳው ኪስ ውስጥ አስቀድሞ መኖሩ ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ኤአርኮር አንድሮይድ ሁሉ ላይ አይሠራም። ጉግል የሚደግፋቸውን ስልኮች በሞዴል ስም ዘርዝሮ አውጥቷል። እዚህ በብዛት የሚሸጡት ርካሽ ሞዴሎች አንዳንዶቹ አሉበት፣ አንዳንዶቹ የሉበትም። ለድርጅታችሁ ታብሌት ስትገዙ ሳጥኑ ላይ ያለውን የሞዴል ስም ከዝርዝሩ ጋር ሳታመሳክሩ አትክፈሉ።

ጉዳቱ ግልጽ ነው። ተመልካቹ እጁ ተይዟል፣ ዓለሙን በጠባብ መስኮት ነው የሚያየው፣ ካሜራውና ግራፊክሱ አብረው ሲሠሩ ስልኩ ይግላል፣ ባትሪውም ያልቃል። ስለዚህ ለስልክ የሚሆነው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ፣ አንድ ቦታ ላይ የታሰረ ትዕይንት ነው። ጢስ ዓባይ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ የማይነቃነቅ ማሰሪያ ነው፣ ሻካራ ድንጋዩም ለካሜራ ይመቻል። 40 ሜትር ገደማ የሚወርደው ፏፏቴ ደግሞ በ1964 እና በ2001 ሥራ የጀመሩት የኃይል ማመንጫዎች ውኃውን ስለሚወስዱ ብዙ ጊዜ ቀጥኖ ነው የሚታየው። ድልድዩ ላይ የቆመ ገጸ ባሕርይ እንግዳው ስልኩን ወደ ገደሉ ሲያዞር አብሮ ዞሮ የድሮውን ሙላት ቢያሳይ ሰው ለምን እዚያ ድረስ እንደመጣ ይገባዋል።

### ካሜራ ያለው የራስ መነጽር

እነዚህ ዓይንን ሸፍነው ውጪውን በካሜራ መልሰው የሚያሳዩ ናቸው። ሜታ ኩዌስት 3 በ2023 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ ከ499 ዶላር፣ ኩዌስት 3ኤስ በ2024 ከ299 ዶላር ጀመሩ። አፕል ቪዥን ፕሮ በ2024 የወጣው በ3,499 ዶላር ነው። ወደዚህ የሚመጡት በብዛት በሰው እጅ ስለሆነ ዋስትናቸው አብሮ አይመጣም፤ ዋጋቸውም እንደ ዶላሩ ምንዛሪና እንደ አምጪው ነው።

በራሱ የሚንቀሳቀስ ገጸ ባሕርይ በእውነት አጠገባችን እንዳለ የሚሰማን እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ክፍሉን ቃኝቶ ጠረጴዛውን፣ ወንበሩንና ግድግዳውን ይለያል፤ ስለዚህ ገጸ ባሕርዩ የናንተ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ከጠረጴዛችሁ ጀርባ ሲገባ ይሸፈናል። እጃችሁን ያያል፣ ስትቀርቡት ያውቃል። ስልክ ይህን በከፊል እንጂ በሙሉ አይሰጥም።

ሊታሰብባቸው የሚገቡ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች አሉ። የመነጽሩ ማሰሪያ አናት ላይ ነው የሚያርፈው፤ ሹሩባ የተሠራች ልጅ ወይም ሻሽ ያሰሩ እናት ላይ አይመቻቸውም። ሊላላ የሚችል ማሰሪያና የሚጠረግ የፊት ሽፋን ከመነጽሩ ጋር ግዙ። ፀሐይ ሌንሱን በቀጥታ ካገኘው የውስጡን ስክሪን ሊያቃጥለው ስለሚችል በረንዳ ላይ ገልብጣችሁ አታስቀምጡት። ሜታ ከ10 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይፈቅድም፣ 10 ዓመት የሞላቸው ትንንሾቹም በወላጅ የሚተዳደር አካውንት ያስፈልጋቸዋል፤ ትምህርት ቤት ከሆናችሁ ይህን አትዝለሉት። መነጽሩ የቃኘውን የክፍል ምስል ማን እንደሚያስቀምጠው መጠየቅም ተገቢ ነው።

### አሳላፊ ሌንስ ያላቸው መነጽሮች

እነዚህ ውጪውን በሌንሱ በቀጥታ እያሳዩ ምስሉን በላዩ የሚጨምሩ ናቸው። በአጭሩ አልመክርም። የማይክሮሶፍቱ ሆሎሌንስ 2 በ2019 በ3,500 ዶላር ወጥቶ ምርቱ በ2024 ቆሟል፤ ሥራቸውን እሱ ላይ ብቻ የገነቡ ሰዎች አዲስ ቤት መፈለግ ግድ ሆኖባቸዋል። ከዋጋው በላይ ለኛ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። እነዚህ ሌንሶች ብርሃን ይጨምራሉ እንጂ አይቀንሱም፤ ስለዚህ ጥቁርን ማሳየት አይችሉም። ጠይም ፊትና ጥቁር ፀጉር ያለው ሰው እንደ ጢስ አሳላፊ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ፀሐይ ሲጨመርበት ጭራሽ ይጠፋል። የራሳችንን ሰው ጥላ አድርጎ በሚያሳይ መሣሪያ ላይ የራሳችንን ታሪክ መሥራት ልክ አይመስለኝም።

### ፕሮጀክተርና ርቀት የሚለካ ካሜራ

ስለዚህ አማራጭ ሰው ብዙ አያወራም፣ እኔ ግን ለባሕር ዳር ሆቴሎችና ለትንንሽ ሙዚየሞች የማስቀድመው ይህን ነው። አንድ የተዘጋ ክፍል፣ ከቅርብ የሚያበራ ፕሮጀክተር፣ ሰዎች የት እንደቆሙ የሚለይ ካሜራ፣ ጥሩ ድምፅ ማጉያና አንድ ኮምፒዩተር ይበቃል። ገጸ ባሕርዩ በቁመቱ ልክ ግድግዳው ላይ ይቆማል። ካሜራው ማን እንደቀረበ ይነግረዋል፣ እሱም ወደዚያ ሰው ይዞራል። 20 ሰው አብሮ ያያል፣ አብሮ ይስቃል፤ ተረት ደግሞ ሲጀመርም የጋራ ነው። ማንም ራሱ ላይ ምንም አያደርግም። ፕሮጀክተሩ ቢበላሽ ሌላ ፕሮጀክተር ከገበያ ይገኛል። መብራት ሲጠፋ የሆቴሉ ጄነሬተር ያነሣዋል፤ ኮምፒዩተሩ ድንገት እንዳይጠፋ ግን ዩፒኤስ ያስፈልገዋል።

ደካማ ጎኑ ክፍሉ መጨለም ያለበት መሆኑና ገጸ ባሕርዩ ከግድግዳው ወጥቶ አጠገባችሁ መቀመጥ አለመቻሉ ነው። ካሜራውን ስትመርጡም አሁንም የሚመረት መሆኑን አረጋግጡ። ብዙዎች የለመዱት የማይክሮሶፍቱ አዙር ኪኔክት በ2023 ቆሟል።

### ድምፅ ብቻ

«ምስል የሌለው ነገር ምኑ ቅይጥ እውነታ ነው?» የሚሉ አሉ። ጀልባ ላይ የተቀመጠ ሰው ሐይቁ ከነደሴቶቹ ከፊቱ ነው፤ የጎደለው ምስል አይደለም። ጂፒኤስ ያለ ዳታ ይሠራል፣ ሰፊው ውኃ ላይ ምንም ስለማይከልለው ደግሞ በደንብ ይይዛል። ገጸ ባሕርዩ ጀልባው የት እንዳለ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ያውቃል። ባለ ጀልባው ወደ ክብራን ገብርኤል ከታጠፈ ስለ ክብራን ይጀምራል፣ በቀጥታ ወደ ዘጌ ካለፈ ያን ትቶ ስለ ቡናው ያወራል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ጀልባው ፍጥነት ሲቀንስ «ቀስ በሉ፣ ጉማሬ ይኖራል» ይላል። በራስ መንቀሳቀስ ማለት ይህም ነው። ከሁሉ የሚረክሰውም ይኸው ነው።

## አእምሮው፦ ምን ያንቀሳቅሰው?

ተጽፎ ያለቀ ቅርንጫፍ ታሪክ። እያንዳንዱ ቃል በደራሲ ተጽፎ፣ በሰው ድምፅ ተቀድቶ ይቀመጣል። ኢንክና ትዋይን የሚባሉት መጻፊያዎች ነፃ ናቸው፣ ፊደላችንንም ይቀበላሉ። አስተማማኝ ነው፤ ሊቃውንት አንብበው ሊያርሙት ይችላሉ። አደጋው መብዛቱ ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ ሦስት ምርጫ ብትሰጡና ቅርንጫፎቹ ተመልሰው ባይገናኙ፣ አምስተኛው ደረጃ ላይ 243 መጨረሻ ይኖራችኋል። ቅርንጫፎቹን ቶሎ ቶሎ መልሳችሁ አገናኙ።

በፍላጎትና በደንቦች የሚመራ። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ጆሴፍ ቤትስ የመራው የኦዝ ፕሮጀክት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያተኮረው እዚህ ላይ ነበር፤ ገጸ ባሕርይ እንዲታመን ፍላጎት፣ ስሜትና የራሱ ጉዳይ ይኑረው የሚል። አሁን በጌም ሥራ የተለመደ ነው። ዩኒቲም ሆነ ነፃው ጎዶት በሚባሉት የጌም መሥሪያ ፕሮግራሞች ላይ ይሠራል፣ ኔት አይፈልግም።

ምን እንደሚመስል በቅርብ ላሳይ። ወለሉ ላይ ታንኳ የሚያስር ሰው አለ እንበል። ሦስት ነገር ይገፋፋዋል፤ ሥራውን መጨረስ፣ ድካሙና እንግዳ ማክበር። ማንም ከሌለ ደንገሉን እየሰበሰበ፣ በገመድ እየጠፈረ፣ በጉልበቱ እየጫነ ያጠብቃል። ሰው ሁለት ሜትር ሲቀርበው እጁ ሳይቆም ዓይኑ ብቻ ይነሣል። አንድ ሜትር ሲደርስ «ደኅና ዋላችሁ፣ ግቡ» ይላል። ተመልካቹ ቁጭ ካለ ጫፉን ወደሱ ይገፋና «እስቲ ይቺን ያዙልኝ» ይላል። እጁን ከዘረጋ ሥራው ይፈጥናል፣ ተረቱም ይጀምራል። ካልዘረጋ አይቀየምም፤ በጉልበቱ ይዞ ብቻውን ይቀጥላል። ደንገሉ ላይ የሚቆም ልጅ ካለ ከእግሩ ሥር ጎተት አድርጎ «ቀስ፣ ጀልባዬን ረገጣችሁት» ይላል። ድካሙ ሲበዛ ቀና ብሎ ወገቡን ይይዛል፣ ሐይቁ ወዳለበት አቅጣጫ ያያል። እዚህ ውስጥ አንድም ሰው በአማርኛ መናገር አላስፈለገውም፤ መቅረብ፣ መቀመጥ፣ እጅ መዘርጋት በቂ ነበር። የንግግር ማወቂያው ደካማነት በዚህ መንገድ ችግር መሆኑ ይቀራል። የታንኳ ሥራ የነገደ ወይጦ ሙያ ስለሆነ የእጅ እንቅስቃሴውንም ድምፁንም ከባለሙያዎቹ ከራሳቸው ቅዱ፣ በወጉም ክፈሏቸው።

ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች፣ ማለትም ከብዙ ጽሑፍ ተምረው መልሱን ራሳቸው የሚያመነጩ ፕሮግራሞች። በ2023 የስታንፎርድና የጉግል ተመራማሪዎች 25 ገጸ ባሕርያትን አንዲት ትንሽ የኮምፒዩተር ከተማ ውስጥ አኑረው፣ ገጸ ባሕርያቱ በራሳቸው ሲያቅዱ፣ ሲያስታውሱ፣ የግብዣ ወሬ ለእርስ በርስ ሲያደርሱ አሳይተዋል። ጉጉቱ ይገባኛል። በአማርኛ ግን ሦስት ነገር ይጎትተዋል። አንደኛ፣ በኮምፒዩተር ውስጥ አንድ ፊደላችን ሦስት ባይት ሲይዝ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ነው፤ ሞዴሎቹ አማርኛን በብዙ ቁርጥራጭ ስለሚያዩት መልሱ ይዘገያል፣ ክፍያውም ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ጥሩዎቹ በኔት የሚሠሩ ናቸው፣ ላፕቶፕ ላይ የሚጫኑት ትንንሾቹ ደግሞ በአማርኛ ይደክማሉ። ሦስተኛ፣ ያላወቁትን በልበ ሙሉነት ይፈጥራሉ። ጠዋት 3 ሰዓት ሲባል ሌሊት ይመስላቸዋል፤ የንጉሥ ዘመን ሲጠየቁ ሁለቱን አቆጣጠር ያምታታሉ።

የምመክረው አጠቃቀም ጠባብ ነው። ሞዴሉ እንግዳው ምን ማለቱ እንደሆነ ይገምት፣ መልሱን ግን ተጽፈው ከተቀዱት ይምረጥ። ከሌለ ገጸ ባሕርዩ «እሱን እንኳ መሪጌታን ጠይቁ» ይበል። ሽማግሌ ሰው የሚለው ያንኑ ነው።

ከመጋረጃ ጀርባ ያለ ሰው። ተዋናይ ማይክና ኪቦርድ ይዞ ገጸ ባሕርዩን ያናግረዋል፣ ያንቀሳቅሰዋል። በራሱ የሚሠራ አይደለም፣ ግን ማንኛውም ሰው ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል። እንግዶች በእውነት ምን እንደሚጠይቁ፣ የት እንደሚቆሙ፣ መቼ እንደሚሰለቹ ታያላችሁ፤ ደንቦቹንና ምልልሱን ከዚያ ትጽፋላችሁ። አማርኛውም እንከን የለውም።

## በአንድ እይታ

| ዓይኑ | የሚመቸው ቦታ | በአንድ ጊዜ ስንት ሰው | ያለ ኔት | መነሻ ወጪ | የሚስማማው አእምሮ |
|---|---|---|---|---|---|
| ስልክ/ታብሌት | ጥላ ያለበት ውጪ፣ ድንጋይና ግንብ | 1–3 በአንድ ስክሪን | ይሠራል | ዝቅተኛ | ቅርንጫፍ |
| ባለ ካሜራ መነጽር | ብርሃን ያለው ክፍል | 1 | ከተዘጋጀ በኋላ ይሠራል | መካከለኛ እስከ በጣም ከፍተኛ | በደንቦች የሚመራ |
| አሳላፊ መነጽር | ደብዘዝ ያለ ክፍል | 1 | ይሠራል | በጣም ከፍተኛ | አይመከርም |
| ፕሮጀክተርና ካሜራ | የጨለመ ክፍል | 20 ገደማ | ይሠራል | መካከለኛ | በደንቦች የሚመራ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሰው |
| ድምፅና ጂፒኤስ | ጀልባ፣ የእግር መንገድ | ሙሉ ጀልባ | ይሠራል | ከሁሉ ዝቅተኛ | ቅርንጫፍ |

## ለማን የቱ?

ጀልባ ላላችሁና ለአስጎብኚዎች፦ ድምፅ። አንድ ስልክ፣ አንድ ውኃ የማይገባው ድምፅ ማጉያ፣ በጥሩ ተራኪ የተቀዳ ታሪክ። በጀቱን ከመሣሪያው ይልቅ ለጸሐፊውና ለተራኪው አውሉት።

ጢስ ዓባይ ወይም ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ለምትሠሩ፦ ስልክ፣ ትዕይንቱም አጭር። ኤአርኮር የማይቀበለው ስልክ ላለው እንግዳ አንድ ሁለት የራሳችሁ ታብሌት ይዛችሁ ቆዩ።

ለሎጅና ለሆቴል፦ ፕሮጀክተር። እንግዳው ማታ ከእራት በኋላ ነፃ ነው፣ ክፍሉም በተፈጥሮው ጨልሟል። ታንኳ ሠሪው እዚህ ይመጣል። ገንዘብ ሲተርፍ አንድ ኩዌስት 3ኤስ ጨምራችሁ፣ ያንኑ ገጸ ባሕርይ በቅርብ ማየት ለሚፈልግ ማስሞከር ይቻላል።

ለትምህርት ቤት፦ መነጽር በብዛት አትግዙ። አንድ ይበቃል፤ አንድ ልጅ ሲያደርግ የሚያየው ወደ ፕሮጀክተር ይተላለፍ፣ ክፍሉ ምን ማድረግ እንዳለበት ይንገረው። ምልልሱንም ልጆቹ ራሳቸው ይጻፉት።

ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ለተመራማሪዎች፦ የቋንቋ ሞዴሉን መሞከር የናንተ ድርሻ ነው። አንተና አንቺን፣ ሰዓትንና የዘመን አቆጣጠርን በትክክል የሚይዝ የአማርኛ ገጸ ባሕርይ ለመሥራት ከባሕር ዳር ልጆች የተሻለ ማን አለ? ለሕዝብ ከማቅረባችሁ በፊት ግን በተጻፈ መልስ አጥሩት።

ለገዳማት ታሪክ፦ ከመሣሪያው በፊት ፈቃድ። ጽሑፉን የገዳሙ አባቶች ያንብቡት፣ ቅዱሳንን በራሱ የሚናገር ገጸ ባሕርይ አታድርጓቸው፤ ተራኪው ተራ ሰው ይሁን፣ መነኩሴ ያገለገለ ልጅ ወይም የዘጌ ቡና ነጋዴ። ፈቃዱ ከተገኘ ትልቅ ጥቅም የሚሰጥበት አንድ ቦታ ይታየኛል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡባቸውም፤ ከወንዶች ጋር የመጡ እናቶችና እኅቶች ዳር ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። አባቶች ይታይ ያሉትን ያህል እዚያው ጥላ ሥር በታብሌት የሚያይ፣ ተራኪውንም የሚያናግር ሰው መጠበቂያ ሰዓቱ ባዶ አይሆንበትም።

## ከፕሮግራመር ጋር ስትዋዋሉ

ታሪኩና ምልልሱ ከፕሮግራሙ ተለይተው በተራ የጽሑፍ ፋይል ይሰጧችሁ። የተቀዳው ድምፅ ዋናው ቅጂ የናንተ ይሁን። የመነጽር ሥራ ከሆነ ኦፕንኤክስአር በሚባለው የጋራ መስፈርት ይሠራ፤ አንዱ ኩባንያ ሲያቆም ወደሌላው ለመዛወር የሚቀላችሁ እንዲያ ከሆነ ነው። የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት መሣሪያውን በአውሮፕላን ሁነታ አድርጋችሁ፣ ሥራው የሚውልበት ትክክለኛው ቦታ ላይ ወስዳችሁ፣ አንድ ልጅ፣ አንዲት እናትና አንድ ሽማግሌ በተራ እንዲሞክሩት አድርጉ። ገጸ ባሕርዩ ሦስቱንም በወጉ ካናገረ ክፈሉ።